ኦርቪል አስቀድሞ ያየው ጨዋታ

ኦርቪል ቲብስ ከሆስፒታል የወጣው በየካቲት፣ ሐይቁ ገና በበረዶ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሳለ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶበት ብዙ ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ እጁም እግሩም ደህና፣ አንደበቱም ደህና። ሐኪሞቹ ዕድለኛ ነህ ብለው ሸኙት። እኛም አመንናቸው።

እኛ ማለት ሦስት ሰዎች ነን። ኦርቪል ዕድሜውን ሙሉ ወደቡ ዳር ባለው ዱቄት ፋብሪካ የሠራ፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ካሲሚር ዊልክ፣ ሁላችንም ካስ የምንለው፣ ጣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ ከጣሪያ ላይ ሲጮህ ስለኖረ መሬት ላይም ድምፁ አልወረደለትም። ሁለቱ የተዋወቁት ካስ የፋብሪካውን ጣሪያ ሊጠግን ሄዶ በምሳ ሰዓት ስለ አሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን ሲጣሉ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠባቸው አላለቀም። ሦስተኛዋ እኔ ማርቫ ነኝ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ስታዲየሙ ውስጥ ከእነሱ ጎን ያለው ወንበር የባሌ የሉሽየስ ነበር። ሉሽየስ ሲሞት ወንበሩን ልሸጠው ስል ካስ «ማንን ልታስቀምጪብኝ ነው? ነይና ራስሽ ተቀመጪ» አለኝ። ይኸው እስካሁን ተቀምጫለሁ።

ጨዋታ በሌለበት ወራት ዓርብ ዓርብ ካስ ጋራዥ ውስጥ እንሰበሰባለን። በካቶሊኮች ጾም ጊዜ ካስ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተጠበሰ ዓሣ ይዞ ይመጣል፣ ምድጃው ይለኮሳል፣ ከዚያ በኋላ ክርክር ነው። ማን ይሸጥ? ማን በማን ይለወጥ? በሚያዝያ ደግሞ ቡድኖቹ ሁሉ ከየኮሌጁ ልጆችን በየተራ ሲመርጡ የኛ ቡድን ማንን ይምረጥ? ቡድናችን በዕድሜዬ አንድም ዋንጫ አላነሣም። ስለዚህ ለኛ ከጨዋታው ወራት የክርክሩ ወራት ይሻሉናል፤ በክርክር ተሸንፈን አናውቅማ።

ኦርቪል ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ ካስ ሹካውን እየነቀነቀ ጀመረ።

«የመጀመሪያው ዙር ምርጫ ለጠባቂ ነው መሆን ያለበት። ግንብ የሚያህል ልጅ! ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባካችን እኮ ጠባቂ አጥቶ ዓመቱን ሙሉ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሲያይ ነው የከረመው።»

«መጀመሪያ ተከላካይ» አልኩ። «የሰው ቡድን ሁሉ በመካከላችን እንደ ቤቱ ሲመላለስ አላየህም?»

«አንቺ አውቶቡስሽን ንጂ።»

«አንተም ጣሪያህን ጠግን። ይኸው የራስህ ጋራዥ ያፈስሳል።»

ኦርቪል እንደ ወትሮው ፈገግ ብሎ ዓሣውን ይበላል። ከዚያ አፉን ጠረገና «ለምን እንደምትጨቃጨቁ አይገባኝም» አለ። «ፊች እያለላችሁ።»

«ፊች ደግሞ ማነው?» አለ ካስ።

«ዴልሮን ፊች ነዋ! ያ ቀጭኑ ኳስ ተቀባይ። በበረዶው ጨዋታ እፊታችን ጥግ ላይ ኳሷን የያዘው። መስመሩ እንኳ አይታይም ነበር እኮ። ተንሸራቶ መጥቶ አጥሩን ሲገጭ በረዶው ፊታችን ላይ ተረጨ።»

እኔና ካስ ተያየን። እንዲህ ያለ ጨዋታ አላየንም፤ ፊች የሚባል ተጫዋችም የለንም።

«መቼ ነው ይሄ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«በታኅሣሥ ነዋ።» ወደ ካስ ዞረ። «አንተ ግን አመለጠህ። ዞር ስል ወንበርህ ላይ ኮትህ ብቻ ነበር።»

ካስ ሳቁን ለቀቀው። «ማርቫ፣ ይህን ሰውዬ ጭንቅላቱን ከፍተው የሌላ ሰው ሕልም ከተቱበት!»

ኦርቪልም አብሮ ሳቀ። ነገሩ በዚሁ ባለፈ ነበር። ነገር ግን ሊሄድ ሲነሣ፣ ባርኔጣውን እያደረገ፣ «ይልቅ እኔን ያናደደኝ ሆሊስን መሸጣቸው ነው» አለ። «ለሁለተኛ ዙር የምርጫ ተራ ብለው!»

ሆሊስ ቬክ ሯጫችን ነው፤ ከተማው ውስጥ ሕፃናት በስሙ ይጠራሉ። እሱን ይሸጣሉ ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን ትምህርት ቤት አውርጄ ባዶውን አውቶቡስ ስመልስ ሬዲዮኑ ሆሊስ ለሁለተኛ ዙር የምርጫ ተራ መለወጡን ተናገረ። መንገድ ዳር አቆምኩ። ከኋላ ያሉት ባዶ ወንበሮች በመስታወቱ ውስጥ ያዩኝ መሰለኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዓርብ ዕለት ካስ አልጮኸም። ዓሣውን አስቀመጠና ስልኩን አሳየኝ። በዳኮታ ሜዳ መሀል ካለ ስሙ ከማይታወቅ ትንሽ ኮሌጅ፣ ጆሮው ወጣ ያለ ቀጭን ልጅ። ዴልሮን ፊች ይላል ከሥሩ።

«እንግዲህ አለ» አለኝ።

ኦርቪል ሲመጣ ካስ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። «ስማ አንተ ሽማግሌ። ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ?»

«የቱን ቀን?»

«የበረዶውን ቀን።»

ኦርቪል አሰበ። አንድ ሰው ባለፈው ሳምንት የበላውን ምሳ ለማስታወስ የሚያስበውን ያህል ነው ያሰበው። «እንጃ። ፊች ኳሷን ሲይዝ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ዞር ስል አንተ የለህም። ኮትህ ወንበሩ ላይ አለ። ማርቫ ታለቅስ ነበር።» ከዚያ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ለምን እንዳለቀሰች አላስታውስም። ከዚያ በኋላ አላየሁህም መሰለኝ።» ይህን ያለው ፊት ለፊቱ ላለው ለራሱ ለካስ ነው። ካስ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረና ስለ ጠባቂዎች ማውራት ጀመረ፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያ የካስ ክርክር አንድ ብቻ ሆነ፤ ማንንም ምረጡ፣ ፊችን ብቻ አትምረጡ። ከተማው ውስጥ አድማጭ እየደወለ የሚከራከርበት የሬዲዮ ፕሮግራም አለ። አቅራቢው ሪኪ ሳንቶራ ይባላል። ካስ በየቀኑ ይደውልለት ጀመር።

«ጌታዬ፣ ለመሆኑ ይህን ልጅ እንምረጥ ያለ ሰው አለ?» ይለዋል ሪኪ እየሳቀ።

«የለም! እንዳይኖርም ነው የምደውለው። ቀጭን ነው። በረዶ አይችልም። እንደ ጭልፋ እጀታ ነው የሚሰበረው!»

«ጌታዬ፣ ልጁ ምን አደረገዎት?»

ሰው መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ማን ይሆን ብሎ መፈለግ፣ ከዚያ ቪዲዮውን ማየት። «ኧረ ይሄ ልጅ እጅ አለው!» የሚሉ ደዋዮች መጡ። በመጋቢት መጨረሻ፣ ካስ እስኪደውል ድረስ ማንም የማያውቀው ፊች፣ በየፀጉር ቤቱ የሚነሣ ስም ሆነ። ካስን እባክህ ተው አልኩት። «እየጠራኸው ነው እኮ» አልኩት።

«ታዲያ ዝም ልበል?» አለኝ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ነገር ሉሽየስ ታሞ በነበረበት ጊዜ በራሴ መስታወት ውስጥ አውቀዋለሁ።

የምርጫው ቀናት ሲደርሱ ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰብን። የካስ ባለቤት ቤርናዴትም መጣች፤ እሷ ስለ ኳስ ግድ የላትም፣ ነገሩን ግን ሰምታለች። በመጀመሪያው ዙር ቡድናችን ግንብ የሚያህል ጠባቂ መረጠ። ካስ ዓመቱን ሙሉ የለመነው ልጅ ነው፤ አላጨበጨበም። ሁለተኛው ዙር አለፈ፤ ሦስተኛውም። መጨረሻው አካባቢ፣ ተራው የኛ ሊሆን ሲል፣ ከእኛ በፊት ያለ የምድረ በዳ ከተማ ቡድን ዴልሮን ፊችን መረጠ።

ካስ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። ቤርናዴትን አቅፎ አሽከረከራት፣ የኦርቪልን ራስ በተቀደደበት ጠባሳ ላይ ሳመው፣ እኔን ሊያነሣ ሞክሮ ወገቡን ያዘው። ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። «አልመረጥነውም!» ይላል ካስ። «አልመረጥነውም!» ኦርቪል ብቻ ግራ ገብቶት ቴሌቪዥኑን ያያል።

«ቆይ፣ ታዲያ በበረዶው ጊዜ የኛን ማልያ ለምን ለበሰ?» አለ።

ያን ክረምት ካስ እንደ ገና የተወለደ ሰው ሆኖ አሳለፈው። ሐይቅ ዳር ዓሣ አጠመደ፣ የጋራዡን ጣሪያ ጠገነ፣ በሁሉም ነገር ላይ ተከራከረ። በነሐሴ ቡድናችን ልምምድ ላይ እያለ ዋናው ተቀባያችን ጉልበቱ ተበጠሰ። በበነጋው ልውውጡ ተነገረ። ምድረ በዳዎቹ አንድ ተከላካያችንን ወሰዱ፤ ፊችን ሰጡን።

ስደውልለት ካስ ሰምቷል። «ጥሩ ልውውጥ ነው» አለ። «እኔም ብሆን አደርገው ነበር።»

ቤርናዴት እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ልቡን አዩት፣ ደሙን አዩት፣ ሳንባውን አዩት። እንደ ፈረስ ጤነኛ ነህ አሉት። ካስ ይህን ለእኔ ሲነግረኝ ደስ አላለውም። «በሽታ ቢሆን እኮ ስም ይኖረዋል» አለ።

ኦርቪልን ግን ማንም አልወቀሰውም። ጠይቀነው ነበር፤ አሁንም ያንኑ ይላል፣ ለምን እንደምንጠይቀው ግን አይገባውም። ሁለቱ ዓርብ ዓርብ ይጣሉ ነበር፣ እንደ ድሮው። አንዳንዴ ብቻ ካስ ነገሩን አቁሞ የኦርቪልን ፊት ያያል።

በታኅሣሥ ትልቁ በረዶ ከሐይቁ ተነሥቶ መጣ። ዕለቱ እሑድ ነው፣ ጨዋታው በቀን። ጧት እነ ካስ ቤት ስደርስ እሱ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ በሩ ላይ ቆሟል።

«ኮትህስ?» አልኩት።

«ኮት ከሌለ ኮት አይቀርም» አለኝ። «ወንበሬን ደግሞ ለማንም አልለቅም። አባቴ የተቀመጠበት ወንበር ነው።»

ቤርናዴት ከኋላው ቀዩን የአደን ኮቱን በከረጢት አድርጋ እጄ ላይ ጣለችው። እኔም አልከለከልኳትም፤ ሴት ባሏ በብርድ እንዲሞት ፈቅዳ እንዴት ትቀመጥ?

ስታዲየም ስንደርስ ሜዳው ነጭ ነው፤ መስመሩ አይታይም። በካስ ቀኝ እኔ፣ በግራው ኦርቪል። ካስ አልጠጣም፣ ሽንት ቤት አልሄደም፣ ክንዱን በክንዴ ቆልፎ ተቀመጠ። ከዕረፍት በኋላ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ታገስኩ፣ ታገስኩና አልቻልኩም። ኮቱን ከከረጢቱ አውጥቼ ትከሻው ላይ ደረብኩለት። አየኝ፤ ከዚያ እጁን ራሱ በእጀታው ውስጥ አስገባ። «እሺ» አለኝ። «እዚህ ድረስ መጥቻለሁ።»

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳርተርባካችን ኳሷን ወደ እኛ ጥግ ወረወራት። ቀጭኑ ልጅ ከነጩ ውስጥ ብቅ አለ፣ ዘለለ፣ ያዛት፣ ተንሸራቶ አጥሩን ገጨ፤ በረዶው ፊታችን ላይ ተረጨ። ስታዲየሙ በሙሉ ተነሣ። እኔ ኳሷን አላየሁም፤ ካስን ነው ያየሁት። አለ! እንደ በሬ እየጮኸ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየቀዘቀዘ፣ ክንዱ በክንዴ ውስጥ አለ።

«አየሽ?» ይለኛል። «አየሽ ማርቫ? አለሁ!»

ኦርቪል እየሳቀ ወደ እኛ ዞረ። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ካስን አልፎ እኔን አየኝ።

«ካስ የት ሄደ?» አለኝ።

የሚቀልድ መሰለን። ካስ ትከሻውን መታው። «እዚህ ነኝ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ኦርቪል ሚዛኑን እንዳጣ ሰው ወንበሩን ያዘ። ዙሪያውን አየ፤ ነፋስ የገፋው ሰው ይመስላል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የካስን እጀታ፣ ክንዱ ያለበትን እጀታ፣ ዳሰሰ።

«ኮቱን ጥሎ የት ይሄዳል በዚህ ብርድ?» አለ። «ገና ሙቅ ነው።»

እኔ አለቀስኩ።

ኦርቪልን ወደዚያው ሆስፒታል ወሰድነው። አንዲት ወጣት ሐኪም ጭንቅላቱን በመሣሪያ አየችው፣ ጠየቀችው፣ ካስን ፊቱ አቁማ ማን እንዳለ ጠየቀችው። «ግድግዳ» አላት። ድምፁንም አይሰማም፤ በስልክ ሲደውልለት «ማንም የለም እኮ» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላውን ሰው ሁሉ ያያል። ሐኪሟ የተጎዳው ቦታ ይህን ሊያመጣ ይችል ይሆናል አለችን። ለምን አንድ ሰው ብቻ? አልናት። እሷም አላወቀችም። ከሆስፒታል እንደ ወጣ፣ ገና ካስን እያየው ሳለ፣ ይህን ቀን አስቀድሞ እንዴት እንዳስታወሰው ደግሞ አልጠየቅናትም። ምን ብለን?

ካስ አለ ብለን ስናስጨንቀው ላብ ያጠምቀዋል። ተዉት ተባልን። ተውነው። እሱም በገዛ ራሱ ደረሰበት፤ ካስ ሞቷል፣ እኛ ደግሞ እሱ በሽተኛ ነው ብለን ደብቀነዋል።

ከገና በኋላ ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ ለለቅሶ በትሪ የተጋገረ ድንች ይዞ ቤርናዴት ዘንድ መጣ። እዚያው ነበርኩ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ ካስ ከኋላዋ ቆሟል።

«እህቴ፣ ለምን አልነገራችሁኝም?» አላት። «ሳልቀብረው!»

ቤርናዴት ጎበዝ ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ግን የበሩን መቃን ያዘች። «ኦርቪል» አለችው፣ «ይኸው ከኋላዬ ቆሟል።»

ኦርቪል በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ፤ በርኅራኄ። «አውቃለሁ» አላት። «እናቴ የሞተች ጊዜ እኔም ለብዙ ወር እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ።»

ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ካስ ፊት ለፊቱ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ኦርቪል ባርኔጣውን እያሽከረከረ መናገር ጀመረ፤ ስለዚያ የፋብሪካ ምሳ፣ ሚስቱ ስትፈታው ካስ በየማታው መጥቶ ስለ ሦስተኛ ዙር ምርጫ ብቻ እያወራ እንዴት እንዳስተኛው። «በሕይወቴ እንደሱ የወደድኩት ሰው የለም» አለ። «አንድ ቀን አልነገርኩትም። ስድብ ብቻ ነው የሰማው ከእኔ።» ካስ ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ፤ እሱን ሳውቀው ድምፅ ሳያሰማ ያደረገው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ካስ ትንሽ ተለወጠ። ሱቅ ሲገባ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ እስክታየው ድረስ ይጠብቃል። ቤርናዴት ሥራ ይዛ ቶሎ ሳትመልስለት ከቀረች ይደነግጣል፤ እሷም አውቃ፣ ሌላ ክፍል ሆና እንኳ፣ «አለሁ፣ ሰምቼሃለሁ» ትለዋለች። እኔም አንዳንዴ አውቶቡሱን ስነዳ በመስታወቱ ልጆቹን አንድ በአንድ አያለሁ።

ጾም ሲገባ ኦርቪልን ወደ ጋራዡ መልሼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ካስ ነው አምጪው ያለኝ። ቤርናዴት ዓሣውን አቀረበች። ኦርቪል በየት በኩል እንደሚቀመጥ አላወቀም፤ ካስ ደግሞ መንገዱን እየለቀቀለት ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል፤ በገዛ ቤቱ!

«ዘንድሮ የመጀመሪያውን ዙር ምርጫ ሸጠው ሁለት የበታች ዙር ምርጫ ቢወስዱ ይሻላል» አለ ኦርቪል ሲረጋጋ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ካስ ቢኖር ምን ይል ነበር?»

ካስን አየሁት። ምድጃው አጠገብ ቆሞ ጓደኛውን ያያል። ድምፁን ዝቅ አደረገና «ልክ ነህ በይው» አለኝ።

«ልክ ነህ ይልህ ነበር» አልኩት።

ኦርቪል ቀና አለ። ቅር አለው። «ማርቫ፣ ለማጽናናት ብለሽ አትዋሺኝ። ካስ በሕይወቱ ልክ ነህ ብሎኝ አያውቅም።»

ካስ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሹካውን አንሥቶ እየነቀነቀ ጀመረ፤ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ የሚሸጥ ሰው እናቱንም ይሸጣል፤ የዱቄት ፋብሪካ አቧራ አንጎልህን አቡክቶታል፤ አንተ ቡድን ብትመራ ኖሮ ስታዲየሙ ዛሬ የድንች እርሻ ነበር፤ እያለ። እኔ አንዱንም ሳላስቀር፣ ስድቡንም ጭምር፣ ቃል በቃል እነግረዋለሁ።

ኦርቪል ዓሣውን አስቀመጠ። ፊቱ በርቶ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«አሁን ገና እሱን መሰለ» አለ። «ይልቅ ስሚኝና ንገሪው፤ የትኛው ጠባቂ ነው ግንብ የሆነለት?»